በአንድ ወጥታችሁ በሰባት ትገባላችሁ

በደርግ ጊዜ ናዝሬት ውስጥ ቁጥር ያልተሰጠው ነገር አልነበረም። ቀበሌው ቁጥር ነው፣ ቤቱ ቁጥር ነው፣ ስኳር የምንወስድበት ካርድ ቁጥር ነው። ሰው ‹‹ሰፈርህ የት ነው?›› ሲባል ‹‹ዜሮ ሦስት›› ይላል፣ ጠያቂውም ይገባዋል። ቁጥር የሌለው የሚመስለው መንገዱ ብቻ ነበር። እሱም ቢሆን ነበረው፤ የጠፋው የሚያውቀው ሰው ነው። የሚያውቀው ሰው እኔ ነበርኩ።

መንገድ ጥገና ውስጥ ነዳፊ ነበርኩ። መሐንዲሱ ያሰበውን በቀጭን ብዕር አሰምራለሁ ማለት ነው። ያኔ ከመቅጠኔ የተነሳ አለቃዬ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሼ ሲያየኝ ብዕሩ የቱ፣ ሰውየው የቱ እንደሆነ ለመለየት ይቸገር ነበር። ዛሬ ያ ችግር ሙሉ በሙሉ ተፈቷል። ካርታ ከመሳል ሌላ ቀለምና ብሩሽ ይዤ እየወጣሁ የኪሎ ሜትር ድንጋይ ላይ ቁጥር እጽፋለሁ። የድንጋዩ አናት ላይ የመንገዱ ቁጥር፣ ከሥሩ ርቀቱ። በዚህ ሥራ የነበረኝ ኩራት፣ ምን ልበላችሁ፣ ዛሬ ሳስበው ራሴን በኩርኩም ማለት ያምረኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዋና ዋናዎቹ መንገዶች ከአዲስ አበባ እንደ ጃንጥላ ዘንግ ይዘረጋሉ፤ ለእያንዳንዱ አንድ ቁጥር። በእኛ ጊዜ ካርታ ላይ በደብረ ዘይትና በሞጆ አድርጎ ናዝሬትን አልፎ ወደ አዋሽ፣ ወደ አሰብ የሚወርደው አንድ ቁጥር ነበር። ከዋናው የሚገነጠል ቅርንጫፍ ደግሞ የወላጁን ቁጥር ከፊት አስቀድሞ የራሱን ያስከትላል። እኛ የራሳችንን ስም እናስቀድምና የአባታችንን እናስከትላለን፤ መንገድ ግን ጨዋ ነው፣ መጀመሪያ አባቱን ይጠራል። ከዚያ በኋላ ቁጥሩን እንደገና ቀያይረውታል ይባላል፤ ስለዛሬው አልምልም።

እኔን የሚያስደስቱኝ ግን ደንቡን የሚያፈርሱት ነበሩ። ለምሳሌ መንገዱ ከተማ ሲገባ ቁጥሩ ይጠፋል። ናዝሬት መግቢያ ላይ አንድ ቁጥር የነበረው አስፋልት መሀል ከተማ ሲደርስ የማዘጋጃ ቤት ይሆንና መውጫው ላይ እንደገና ስሙን ያገኛል። ስብሰባ ሲገባ ‹‹ጓድ›› ተብሎ ሲወጣ ‹‹ጋሼ›› እንደሚባል ሰው። ደግሞ ቆቃ አጠገብ አንዲት ኩርባ ተቃንታ ስለነበር ሁለት ድንጋዮች መሀል ያለው ኪሎ ሜትር ኪሎ ሜትር አይሞላም። ድንጋዮቹን ሁሉ እንደገና ከመቁጠር ያቺን አንዷን ማሳጠር ቀለለ። ሙሉ ሆና የምትቆጠር ጎዶሎ ኪሎ ሜትር! እዚያ ጋ ስደርስ ሁልጊዜ ከመኪናው ጋቢና ሆኜ ሰላም እላት ነበር፤ ቁመቷ ካርዱ ላይ ከተጻፈው የሚያንስ ዘመድ ስላለኝ ታሳዝነኛለች።

ከሁሉም በላይ የምወደው ግን ሰባት ቁጥርን ነው። ከሞጆ ተገንጥሎ በቆቃ፣ በዓለም ጤና፣ በመቂ፣ በዝዋይ አድርጎ ወደ ደቡብ የሚወርደው። ሌሎቹ ዋና መንገዶች እምብርታቸው አዲስ አበባ ነው፤ ሰባት ግን ከሞጆ ይነሳል። አንድ ቁጥር ሞጆን አቋርጦ ያልፋል፣ ሰባት እዚያው ይወለዳል። በደንቡ ቢሆን ‹‹የአንድ ልጅ›› ተብሎ ሁለት ቁጥር ተሸክሞ መሄድ ነበረበት። ግን የለም፤ ከእነ አንድ እኩል ዋና ነው፣ ሰባት ነው፣ አለቀ።

ይህን ለማንም አወራ ነበር። ሻይ ቤት ‹‹በሰባት ቁጥር ስትወርዱ›› ስል ጓደኞቼ ‹‹የሻሸመኔን መንገድ ማለትህ ነው?›› ይላሉ። ‹‹ሻሸመኔ መድረሻው ነው፤ ስሙ ሰባት ነው›› እላለሁ። ‹‹ተነሱ፣ ድንጋዩ ጀመረው›› ይላሉ። ድንጋዩ የኔ ቅጽል ስም ነው።

መቂ ላይ፣ አንድ ትምህርት ቤት ፊት ለፊት፣ ተንበርክኬ ‹7›ን ስቀባ አንዲት አስተማሪ ከበሩ ወጥታ ከኋላዬ ቆመች።

‹‹ይሄ ከየት የተለካ ነው?›› አለች።

‹‹ከሞጆ።››

‹‹ሞጆ ማን አለን? እኛ የምንፈልገው አዲስ አበባ ስንት እንደሚርቅ ነው።››

እኔም ተንበርክኬ እንዳለሁ ከላይ ያለውን ሁሉ፣ ጃንጥላውን፣ አባቱን የሚያስቀድመውን ቅርንጫፍ፣ ጎዶሎዋን ኪሎ ሜትር፣ አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። ሳትሄድ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። በሕይወቴ ሳይሄድ እስከ መጨረሻው የሰማኝ የመጀመሪያው ሰው እሷ ናት። ስጨርስ ‹‹ጉልበትህ ቀለም ላይ ነው›› አለችኝ። ቀለሙ ከሱሪው እስከ ዛሬ አልለቀቀም፣ እኔም።

ዓመት ከምናምን እንዲህ በድንጋይ ቀለም ሰበብ ተመላለስኩ። በአካባቢው እንደ መቂ ድንጋዮች በየጊዜው የሚቀባ አልነበረም። በመጨረሻ ሽማግሌ ልላክ አልኩ። አባቷ የመቂ ሽንኩርት ነጋዴ ናቸው፤ ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ እንደ ፈለጉ የሚገቡ የሚወጡ፣ የተከበሩ፣ ድምፃቸው ወፍራም። ሁለት ነገር እንደማይወዱ ነግራኛለች፦ መጠበቅና ዘሩ የማይታወቅ ሰው።

ሁለተኛው እኔን ይመለከታል። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። እኔ ገና ሳልራመድ ወደ አሰብ ጭኖ በአንድ ቁጥር ወጣ፤ እኔ እንደማምነው እስካሁን እየነዳ ነው። እናቴም ብዙ አልቆየችልኝም። ያሳደገኝ ወንድሟ፣ አጎቴ ነው። የአባቴን ስም አውቃለሁ፤ የአያቴን አላውቅም። መቂ ደግሞ ሰባት ቤት ይቆጠራል። እኔ አንድ ቆጥሬ አበቃለሁ።

‹‹አባባ እሺ ካላሉ?›› አልኳት።

‹‹ካላሉማ አለቀ። ከእሳቸው ቃል አልወጣም፣ ታውቃለህ›› አለች። ‹‹ሽማግሌዎችህ ብቻ እንዳያስጠብቋቸው። እሁድ ከምሳ በፊት ይምጡ። በስምንት ሰዓት የቀበሌ ስብሰባ አለባቸው፤ ከዚያ አይቀሩም።››

ሽማግሌዎቼ ሦስት ነበሩ። አንደኛው አጎቴ፣ የምድር ባቡር ጡረተኛ። ባቡሩ ዕድሜውን ሙሉ ሲያረፍድ ኖሮ እሱ ግን አንዲት ደቂቃ አርፍዶ አያውቅም፤ ባለ ሰንሰለት የኪስ ሰዓቱን እያወጣ ያያል፣ ይከድናል፣ እንደገና ያያል። ሁለተኛው የእድራችን ዳኛ፣ አፍ አለው የሚባል ሰው። ሦስተኛው የመሥሪያ ቤታችን ግምጃ ቤት ኃላፊ፤ እሱን የመረጥኩት ዝም ስለሚል ነው። ዝም የሚል ሽማግሌ ከባድ ይመስላል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አጎቴ ቤት ሰብስቤ መንገዱን አስረዳኋቸው። ቤንዚን በኩፖን ነው፣ እሁድ የቤት መኪና አይነዳም፤ ስለዚህ በአውቶቡስ ነው የሚሄዱት። ቤቱን ነገርኳቸው፤ በሩ አረንጓዴ፣ ፊት ለፊቱ ግራር። ከምሳ በፊት እንዲደርሱ ነገርኳቸው። እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ይህን ሁሉ አላወራም ነበር። ግን ድንጋይ አይደለሁ?

‹‹ቀላል ነው ጋሼ›› አልኩት አጎቴን። ‹‹ባጭሩ በአንድ ወጥታችሁ በሰባት ትገባላችሁ።››

አጎቴ ሰዓቱን አውጥቶ አየና ራሱን ነቀነቀ። ‹‹በአንድ ወጥተን በሰባት እንገባለን።››

‹‹እንዳትረሳ ብቻ።››

‹‹አንተ ልጅ፣ ለምድር ባቡር ሰው ይሄን ትነግራለህ?›› አለኝ።

ከእንግዲህ የማወራውን እኔ አላየሁም፤ ከእሱም ከእሷም ለዓመታት የሰማሁት ነው። እኔ እሁድ ቀኑን ሙሉ ናዝሬት መናኸሪያ ቆሜ ከደቡብ የመጣ አውቶቡስ በመጣ ቁጥር መስኮት ለመስኮት ስመለከት ነበር። አንድ ቲኬት ቆራጭ ‹‹ምን ጠፋህ ወንድሜ?›› አለኝ። ‹‹ሦስት ሽማግሌ›› አልኩት።

አጎቴ ጠዋት ልክ በአንድ ሰዓት ሁለቱን አስከትሎ አውቶቡስ ገባ። ብዙም ሳይቆዩ ሞጆ ደረሱ። ሰዓቱን አየ። ‹‹ገና ነው፤ በሰባት ነው የተባልነው›› አለ። ሻይ ጠጡ። ቆቃ ሲደርሱ አሁንም ገና ነው፤ ወርደው ዓሣ አስጠበሱ። የእድሩ ዳኛ ‹‹ከምሳ በፊት አላለም እንዴ?›› ቢለው ‹‹ከሰባት በኋላ የሚበሉ ሰዎች ይሆናላ›› አለው አጎቴ። ‹‹ነጋዴዎች እኮ ናቸው፣ ያመሻሉ።›› ዓለም ጤና ላይ ደግሞ ጫማ አስጠረጉ። ዝምተኛው ሰውዬ እዚያ ጋ በቀኑ የመጀመሪያውን ቃል ተናገረ፤ ‹‹ጥቁር ቀለም አድርግበት›› አለ።

እነሱ ዓሣ ሲበሉ አባቷ መቂ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ከራባት አስረው፣ ሳሎን ቁጭ ብለዋል። ሦስት ሰዓት፣ አራት ሰዓት፣ አምስት ሰዓት። እናትየዋ በየመሀሉ ብቅ እያሉ ‹‹አልመጡም?›› ይላሉ። ‹‹አይታየኝም›› ይላሉ አባቷ። እሷ ጓዳ ሆና ጥፍሯን ትበላለች። ስድስት ላይ ምሳቸውን አቀረቡላቸው። በሉ። ሲጨርሱ እጃቸውን እየታጠቡ፣ ‹‹የናዝሬቱን ልጅ እርሺው›› አሏት። ‹‹ሰው የሚያስጠብቅ ልጅ ልጄን ሲያስጠብቃት ይኖራል።››

ሽማግሌዎቹ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ደጃፋቸው ደረሱ። አረንጓዴው በር ይኸው፣ ግራሩ ይኸው። የእድሩ ዳኛ ሊያንኳኳ እጁን ሲያነሳ አጎቴ ያዘው።

‹‹ገና ነው!››

‹‹ደርሰን ገና ነው ይባላል?››

‹‹ሰው ቤት ቀድሞ መግባት ከማርፈድ አይሻልም።››

ሦስቱም ግራሩ ሥር ተሰለፉ። አጎቴ ሰዓቱን እያወጣ ያያል፣ በሩን ያያል፣ ሰዓቱን ያያል። እንግዲህ አስቡት፤ በዚያን ዘመን ኮት የለበሱ ሦስት የማይታወቁ ሰዎች ደጃፍህ ቆመው አንዱ ሰዓት፣ አንዱ በር ሲያይ። አባቷ በመስኮት አዩዋቸው። ሽማግሌ ናቸው ብሎ ማን ያስባል? ሽማግሌ መጥቶ ያንኳኳል እንጂ ደጅ ቆሞ ሰዓት አይቆጥርም።

‹‹ከበላይ የተላኩ ናቸው›› አሉ በሹክሹክታ። ‹‹ስብሰባ እንዳልቀር ነው።››

‹‹ምን በወጣህ፣ መቼ ቀርተህ ታውቃለህ?›› አሉ እናትየዋ።

እሷ በመጋረጃው ስንጥቅ ስታይ የሰዓቱን ሰንሰለት አየች። ስለዚያ ሰንሰለት ስንቴ አውርቼላታለሁ። ‹‹እማዬ፣ እነሱ ናቸው!›› አለች። እናትየዋ አፏን በእጃቸው ያዙ፤ ልጅ በራሷ ሽማግሌ ላይ አትጮህም። አባቷ ግን ኮፍያቸውን አድርገው በሩን ብርግድ አድርገው ወጥተዋል።

‹‹እየመጣሁ ነው፣ ጓዶች!››

አጎቴ ሰዓቱን ከደነ። ልክ ሰባት። ‹‹ደርሰናል›› አለ በኩራት።

‹‹አከም ጂርቱ፣ እንደምን ዋላችሁ? በሉ እንሂድ።››

‹‹የመጣነው ለጉዳይ ነበር…›› አለ የእድሩ ዳኛ።

‹‹አውቃለሁ፣ ጉዳዩንማ አውቃለሁ! እንሂድ፣ ቦታ ይያዛል።››

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። የአገሩ ወግ ይሆናል ብለው ተከተሉ። ወጉ ወደ ቀበሌው አዳራሽ ወሰዳቸው። ፊት ያለው አግዳሚ ላይ አስቀመጧቸው፤ አባቷ ከበላይ የመጡ እንግዶች መስለዋቸው፣ ሊቀመንበሩም አባቷ ያመጧቸው እንግዶች መስለውት። ስብሰባው ስለ ጎርፍ መውረጃ ቦይ ነበር። መፈክር ሲባል አጎቴ ቀኝ እጁን አነሳ፤ ከኋላ የተቀመጠች ሴትዮ ‹‹ግራ፣ አባባ፣ ግራ!›› ብላ አስተካከለችው። ‹‹እንግዶቻችን አስተያየት ካላቸው›› ሲባል የእድሩ ዳኛ አፉ አስቸገረውና ተነስቶ ቦይ እንዴት እንደሚቆፈር በሰፊው ተናገረ። ተጨበጨበለት። ከዚያ በኋላ ‹‹ያ ቦይ የኔ ሐሳብ ነው›› ይል ነበር፣ እስኪሞት።

ስብሰባው ሲያልቅ አሥር ሰዓት አልፏል። አባቷ ወደ ቤታቸው በአስፋልቱ ዳር ሲራመዱ ሦስቱ ይከተላሉ። ትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ሲደርሱ ዞር አሉ።

‹‹ጓዶች፣ ሸኛችሁኝ፣ ይብቃችሁ። ደህና ግቡ።››

‹‹እንዴት ነው የምንገባው?›› አለ አጎቴ፤ በቃ ትዕግሥቱ አለቀ። ‹‹ልጅዎን ለልጃችን ልንጠይቅ መጥተን፣ ቦይ ቆፍረን እንመለስ?››

አህያ የሚነዳ ሰው ሳይቀር ቆመ ይላል አጎቴ፤ ይህን ግን እኔ አላምነውም።

‹‹እናንተ ናችሁ የናዝሬቶቹ?›› አሉ አባቷ። ድምፃቸው ወፈረ። ‹‹ከምሳ በፊት የተባላችሁት? ከጠዋት ጀምሬ ከራባት አስሬ ያስጠበቃችሁኝ? ደጄ ደርሳችሁ ደግሞ ቆማችሁ ያያችሁኝ!››

‹‹እኔ አንዲት ደቂቃ አላረፈድኩም!›› አለ አጎቴ፤ ሰዓቱን አወጣ። ‹‹ልጁ ነው ያዘዘን። በአንድ ወጥታችሁ በሰባት ትገባላችሁ አለ። በአንድ ወጣን፣ በሰባት ገባን!››

‹‹ከናዝሬት መቂ ስድስት ሰዓት? በአህያ ነው?››

አጎቴ ሊመልስ አፉን ሲከፍት ዓይኑ ወረደ። እግሩ ሥር የኪሎ ሜትሩ ድንጋይ ቆሟል። አናቱ ላይ በእኔ እጅ፣ በጥቁር ቀለም፣ በጣም አምሮ፣ ‹7› ተጽፏል።

‹‹ወይ ይሄ ልጅ!›› አለ አጎቴ። ‹‹መንገዱን ነው ለካ! መንገዱን በቁጥር ነው የሚጠራው። ከናዝሬት በአንድ ቁጥር ውጡ፣ በሰባት ቁጥር ግቡ ሲል ነው! ሰዓት መስሎኝ እኔ ዓሣ ስበላ!››

አባቷ ድንጋዩን አዩ፣ አጎቴን አዩ፣ ሰዓቱን አዩ። ከዚያ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡና እስኪያነቡ ሳቁ። የእድሩ ዳኛም ሳቀ፤ ዝምተኛው እንኳን ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ወጉ ቤት ገብቶ ቆሞ መጠየቅ ነበር። የኔ ግን ደንብ አፍርሶ አስፋልት ዳር ተጠየቀ፤ ተጠያቂው ተቀምጠው፣ የተቀመጡትም እኔ የቀባሁት ላይ።

ሳቁ ሲያልቅ አባቷ ዓይናቸውን ጠረጉና ከባዱን ጥያቄ አመጡት።

‹‹መቼም የሳቀ ሰው አይቆጣም። ግን ልጁ ከየት ይነሳል? አባቱ ማነው? አያቱስ?››

አጎቴ የአባቴን ስም ጠራ። ከዚያ በላይ የለም። ልዋሽ አሰብኩ ይላል፤ ስድስት ሌላ ስም ከምድር ባቡር ጓደኞቼ ስም ልሰበስብለት ነበር ይላል። ግን እኔ ለዓመታት እራት ላይ ያደነቆርኩት ነገር በድንገት አፉ ላይ መጣ።

‹‹ጌታዬ፣ የተቀመጡበትን ይመልከቱ። ሌላው ዋና መንገድ ሁሉ ከአዲስ አበባ ይነሳል። ይሄ ሰባት ግን ከሞጆ ነው የሚነሳው። ከሞጆ ወዲያ የለውም። ግን ቅርንጫፍ ነው ያለው የለም፤ ዋና ነው። የእኛም ልጅ ከኔ ቤት ነው የሚነሳው። ከዚያ ወዲያ አልቆጥርልዎትም።››

አባቷ ድንጋዩን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። ‹‹ከሞጆ ነው?›› አሉ። ‹‹በዚህ መንገድ ሽንኩርት ስጭን ኖሬ አላውቅም ነበር። የት ነው የሚያልቀው ታዲያ?››

አጎቴ ይሄን አልያዘውም። እዚህ ጋ ስደርስ ሁልጊዜ እንቅልፍ ይወስደው ነበር። ‹‹እሱን ልጁን ይጠይቁት›› አለ።

‹‹እንግዲያው የሚመጣው እሁድ ይዛችሁት ኑ፤ ራሱ ይንገረኝ። ከዚያ መልሴን እሰጣችኋለሁ።››

አጎቴ ከአውቶቡስ ሲወርድ ሊመሽ ነው። ‹‹ምን አሉ?›› አልኩት። ‹‹ቦዩ ይቆፈራል›› አለኝና ጥሎኝ ሄደ። ያን ሌሊት እንዴት እንዳደርኩ ለጠላቴም አልመኝም። ጠዋት ነው ከሳቁ ተርፎ የነገረኝ።

በቀጣዩ እሁድ ከአጎቴ ጋር ሄድኩ። በጠዋት፣ ፀሐይ ሳትጠነክር። ሳምንቱን ሙሉ ተዘጋጅቻለሁ፤ ሰባት ቁጥር በየት በየት እንደሚያልፍ፣ የት እንደሚያልቅ፣ የትኛው ቅርንጫፍ የት እንደሚገነጠል በቃሌ ነው። ካርታም ጠቅልዬ ብብቴ ሥር ይዣለሁ። አባቷ ግራሩ ሥር ወንበር አስወጥተው ጠበቁኝ።

‹‹አንተ ነህ ድንጋዩ?›› አሉኝ። ነግራቸዋለች ማለት ነው።

‹‹አዎ፣ አባባ።››

‹‹እህ፣ ይሄ ሰባት የምትለው የት ያልቃል?››

ካርታውን ልዘረጋ ስል በበሩ ስንጥቅ ዓይኗን አየሁት። ያጠናሁት ሁሉ እንዳለ ጠፋ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ መንገድ ተጠይቄ መልሱ ከአእምሮዬ ወጣ።

‹‹ለኔ… እዚህ ነው የሚያልቀው፣ አባባ›› አልኩ። ‹‹መቂ።››

‹‹ውሸታም!›› አሉ። ‹‹ዝዋይስ የት ሊገባ ነው?››

አጎቴ ሰዓቱን አወጣ። እኔ ካርታዬን መልሼ ብብቴ ሥር አስገባሁ። አባቷ ለረጅም ጊዜ አዩኝ፤ ከጫማዬ እስከ ፀጉሬ፣ ሽንኩርት እንደሚመርጥ ሰው። ከዚያ ዘወር ብለው ወደ ቤቱ ተጣሩ።

‹‹ኮቱ!›› አሏት በኦሮምኛ፤ ነይ ማለታቸው ነው። ‹‹ሰባት ቁጥርሽ መጥቷል፣ ነይ አስገቢው።››

ከውስጥ ድምጿ ተሰማ፤ ሳቅ እያነቃት።

‹‹በስንት ሰዓት ነው የገባው?››